ዝም በል፣ ዳክዬ አለ

በትንሽ ጅረት ዳር አድብቶ ዳክዬ ማደን የሚከብደው በዳክዬዋ ምክንያት አይደለም። አብሮህ በሚሄደው ሰው ነው።

ሲያወሩት ቀላል ነው። ጅረት ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ይጠማዘዛል። ዳክዬ ደግሞ ውሃው ረጋ የሚልበትን መታጠፊያ ትወዳለች። አንተ ከዳሩ ራቅ ብለህ በሜዳው ትዞራለህ፣ ጎንበስ ብለህ በቁጥቋጦው ጀርባ ትጠጋለህ፣ ከዚያ ድንገት ብቅ ነው። 30 ሜትር ገደማ ካልደረስክ ተኩሱን እርሳው፤ ከሩቅ ተኩሶ አቁስሎ መስደድ ነውር ነው። እስከዚያ ድረስ የሚጠበቅብህ ዝም ማለት ብቻ ነው።

ጓደኛዬ ዝም ማለት አይሆንለትም። "ዝም እንበል እንጂ" የምትለዋን ራሷን አምስት ጊዜ ይደጋግማታል። ሹክሹክታው ደግሞ የመኪና ጎማ ሲተነፍስ ነው የሚመስለው። ባለፈው ቅጠል የታተመበት የአደን ልብስ ለብሶ መጣ። ቆሞ ላየው እውነትም ቁጥቋጦ ነው፤ ሲራመድ ግን ሱሪው ሿ ሿ ይላል። እንደ ፌስታል የሚንኮሻኮሽ ቁጥቋጦ ደግሞ ዳክዬ አይታ አታውቅም።

እሷን ሞኝ ያላት ሰው ተሳስቷል። ዓይኖቿ ግራና ቀኝ ስለሆኑ አንገቷን ሳታዞር ዙሪያዋን ከሞላ ጎደል ታያለች። ተኝታም አትዘናጋም። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በረድፍ ከተኙ ዳክዬዎች ውስጥ ዳር ላይ ያሉት መሃል ካሉት ይልቅ ደጋግመው አንድ ዓይናቸውን ገልጠው፣ ግማሽ አንጎላቸውን አንቅተው ነው የሚያንቀላፉት፤ የተገለጠው ዓይን ደግሞ በአብዛኛው ወደ ውጭ የሚያየው ነው። እኛ ሙሉ አንጎላችን ነቅቶ ደረቅ እንጨት እንረግጣለን።

ያን ቀን ሦስት መታጠፊያ አበላሸን። የመጀመሪያው ላይ ጓደኛዬ አስነጠሰ። ሁለተኛው ላይ "እዚህ ይኖሩ ይሆን?" ብሎ ጠየቀኝ፤ መልሱን ራሳቸው ሰጡት፣ ከውሃው ላይ ሽቅብ ተወርውረው ሄዱ። (በጥልቅ ውሃ ከሚጠልቁት ዘመዶቻቸው በተለየ መንደርደር እንኳ አያሻቸውም።) ሦስተኛው ላይ ጥፋተኛው እኔ ነበርኩ፣ እሱን እንተወው።

በመጨረሻ ተስፋ ቆረጥን። አጥር ለመሻገር ጥይታችንን ከጠመንጃው አወጣን፣ ተሻገርን፣ ዳሩ ላይ ተቀምጠን እንደ ልባችን እየጮህን ወሬያችንን ቀጠልን። ስለ አለቃው፣ ስለ ጉልበቱ ሕመም፣ ስለ አለቃው እንደገና። ግማሽ ሰዓት ያህል ካወራን በኋላ እኛ ከተቀመጥንበት ሥር፣ ውሃው ቦርቡሮ ካጎደጎደው ዳር፣ ስድስት ዳክዬ ቱር ብለው ተነሱ። ሙሉውን ወሬ ሲሰሙ ነበር ማለት ነው። ባዶ ጠመንጃችንን ታቅፈን አንጋጠን ሸኘናቸው።

ጓደኛዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና፣ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ፣ "አየሃቸው?" አለኝ።