ኮለምበስን የያዛት የባህር እጦት ሳይሆን የባስ እጦት ነው
«ኮለምበስ ኦሃዮ ባህርም ተራራም ስለሌላት ትልቅ ከተማ አትሆንም» የሚለው በፍጹም አልተዋጠልኝም፣ 11 አመት ኖሬባታለሁ። ሌላዋ የኦሃዮ ከተማ ክሊቭላንድ ሀይቅ ዳር አይደለች እንዴ፣ እ.ኤ.አ በ1950 ከ914 ሺህ በላይ ሰው ነበራት በ2020 ቆጠራ 372 ሺህ ገደማ ነው የቀራት፣ ኮለምበስ ግን በዛው ቆጠራ 905 ሺህ አለፈች። ያሰፋት ውሃ ነው ካልን የቧንቧው ነው፣ በ1950ዎቹ ከንቲባ ሰንሰንብሬነር ውሃና ፍሳሽ የፈለገ ሰፈር መጀመሪያ ወደ ከተማዋ ይጠቃለል ብለው ስለያዙ ነው ዙሪያዋን እየዋጠች የሄደችው። እኔን የሚያሳስበኝ ትራንስፖርቱ ነው። እንደመጣሁ መኪና ስላልነበረኝ ሞርስ ሮድ ላይ ከሌሊቱ 10 ሰአት ተኩል በረዶ ውስጥ ቆሜ ካልሲዬ ላይ ፌስታል አስሬ ባስ እጠብቅ ነበር፣ እሱም የምሰራበት መጋዘን ሳይደርስ ያወርደኛል፣ ቀሪውን የእግረኛ መንገድ በሌለበት አስፋልት ዳር ዳሩን በስልኬ መብራት ነው የምሄደው። የአገር አቋራጭ ባቡሩ ድርጅት አምትራክ ከ1979 ጀምሮ ከተማዋን አይረግጥም፣ ይሄን የሚያህል ከተማ ያለ ባቡር! «ኢንቴል ሲከፈት ሁሉም ይስተካከላል» የሚሉም አሉ፣ ይሄ የኮምፒውተር ቺፕ ፋብሪካ በ2022 ሲነገር በ2025 ስራ ይጀምራል ተብሎ ነበር አሁን ወደ 2030ና 31 ተገፍቷል፣ ደግሞስ ቢከፈት ሰራተኛው በምን ይመላለስ? እኔ ተስፋ የጣልኩት በ2024 ህዳር ድምፅ ሰጥተን ባሳለፍነው የግማሽ ፐርሰንት የሽያጭ ታክስ ነው፣ በሱ ብር የራሳቸው መስመር ያላቸው ፈጣን ባሶችና የእግረኛ መንገድ ይሰራሉ ተብሏል፣ እነሱ ሞርስ ሮድ አካባቢ ላለው ለሌሊት ፈረቃ ሰራተኛ ከደረሱ ያኔ እናወራለን።