ሁለት ሴኮንድ የማትረፍ አባዜ

ትዕግሥት የሚፈተነው በወረፋ ነው የሚል ሰው፣ ሌላ ሰው በማውስ ኮፒ ፔስት ሲያደርግ ከኋላው ቆሞ አያውቅም።

እኔ ቆሜ አውቃለሁ። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው አንድ አንጋፋ ባልደረባ አሉ። አንዲት መስመር ጽሑፍ ከአንዱ ፋይል ወደ ሌላው እንዲያዛውሩልኝ ሄድኩ። «አሁን ትደርሳለች፣ ቁም» አሉኝ። ቆምኩ። መጀመሪያ ቀስቷን መፈለግ ጀመሩ፤ ስክሪኑ ውስጥ የት እንደገባች ጠፍታባቸዋለች። ማውሱን ግራና ቀኝ ቢንጡት ከጥግ ብቅ አለች። እየገፉ ወስደው የመስመሯ ራስ ላይ አስቀመጧትና መጎተት ያዙ። ጎትተው ጎትተው ጫፍ ሲደርሱ ጣታቸው ለቀቀ። ከአራት ነጥቧ በቀር ሁሉም ተመርጧል። «አራት ነጥቧማ አትቀርም» ብለው እንደገና ከመነሻው ጀመሩ። ቀጥሎ ራይት ክሊክ። ዝርዝሩ ወረደ። ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ ትናንትም ያነበቡትን፣ ከትናንት ወዲያም ያነበቡትን ያንኑ ዝርዝር፣ ምናልባት ሌሊት የተጨመረ ነገር ይኖር እንደሆን ብለው ነው መሰለኝ። «ኮፒ» አሉ ጮክ ብለው። ጠቅ።

ጣቴ ያሳክከኝ ጀመር። ኮንትሮልና ሲ! ሁለት ቁልፍ! ከማለቴ በፊት የሚያልቅ ነገር!

እኔም ብሆን እንዲህ ሆኜ አልተወለድኩም። አንድ ቀን ሥራ የማስረክብበት ሰዓት ደርሶ ማውሴ ድርቅ አለ። ያን ቀን በታብ እየተራመድኩ፣ በኦልት በር እያንኳኳሁ፣ በኢንተር እየገባሁ፣ እንደምንም ሥራውን አወጣሁት። ማውሱ በማግስቱ ዳነ፤ እኔ ግን አልዳንኩም። በማውስ ፋንታ ቁልፍ ተጭኖ ሥራ የሚጨርሱበት የኪቦርድ አቋራጭ አዲስ አማኝ ሆንኩ፤ አዲስ አማኝ ደግሞ ጆሮ ይበላል። ቡና ላይ ሰው ስለ ልጁ ሲያወራኝ «ልጅህ የተዘጋ የብራውዘር ታብ በኮንትሮል ሺፍት ቲ እንደሚመለስ ያውቃል?» እላለሁ። ባልደረቦቼ ከኋላቸው ስቆም ትከሻቸው ይጠብቃል። አንዷ እንደውም ሳያት ኮንትሮል ሲን ሦስት ጊዜ ደጋግማ ትጫናለች። እዚህ ላይ ግን አልፈርድባትም። ኮፒ ሲደረግ ኮምፒውተሩ ትንፍሽ አይልም። ሲቆረጥ እንኳ ጽሑፉ ይጠፋል፣ ሰው ይደነግጣል፣ ሥራ እንደተሠራ ይታወቃል። ኮፒ ግን ሰምቶ እንዳልሰማ ዝም ነው። ሦስቴ ያልተጫነ ማን ነው? እኔም ሰው በሌለበት እጫናለሁ።

ስብከቴን በጋሼ ላይ ማጥበቄ ግልጽ ነው፤ ከሁሉ የራቁት እሳቸው ናቸዋ። በታሪክ ጀመርኩ። ላሪ ቴስለር የሚባል ሰው ቲም ሞት ከሚባል ባልደረባው ጋር (ስም ነው፣ አትደንግጡ) እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ በዜሮክስ የምርምር ማዕከል ሆነው ቆርጦ መለጠፍን ወደ ኮምፒውተር እንዳስገቡት ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በ1983 አፕል ሊዛ ባላት ኮምፒውተሩ ላይ ኤክስን፣ ሲንና ቪን ጎን ለጎን ለዚሁ ሥራ እንዳሰለፋቸው አስረዳሁ። ኤክሷን በጣቴ እያሳየሁ «የተከፈተ መቀስ አትመስልም?» አልኳቸው።

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «እኛ ልጄ፣ የእውነቱን መቀስ ነበር የምንይዘው። አንቀጹን ከወረቀቱ ቆርጠን፣ ሌላ ገጽ ላይ በሙጫ እንለጥፍ ነበር።»

«እሱን ነው እኮ የምልዎት ጋሼ! ስሙም የመጣው ከዚያው ነው።»

«እህ። ታዲያ የተለጠፈው ሲነቀል እንሰማው ነበር፤ ይሄ የአንተው ግን የት እንደተለጠፈ እንኳ አይታወቅም።»

እውነታቸውን ነው። ልክ ያን ሰሞን የአንዱን ሰው ደብዳቤ በሌላው ሰው ስም ልኬ ነበር፤ አልነገርኳቸውም እንጂ።

ታሪክ አልሠራ ሲል ወደ ሒሳብ ዞርኩ። አንድ አቋራጭ ሁለት ሴኮንድ ታተርፋለች እንበል። በቀን 50 ጊዜ ብንጠቀም 100 ሴኮንድ። በዓመት 250 የሥራ ቀን ብንይዝ 25,000 ሴኮንድ። ወረቀት ላይ አካፍዬ «7 ሰዓት ገደማ!» ብዬ አሰመርኩበት። «በየዓመቱ አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ማለት ነው ጋሼ!»

ጋሼ ወረቀቱን ተቀብለው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«መልካም ነው። የትኛው ቀን ነው ታዲያ የምትቀረው?»

«ምን አሉኝ?»

«ያን ያተረፍከውን ቀን። መቼ ነው የምትወጣው?»

መልስ አጣሁ። አተረፍኩ የምለው ጊዜ ሁለት ሁለት ሴኮንድ እየሆነ ነው የሚደርሰኝ። በሁለት ሴኮንድ አይተኛበት፣ አይወጣበት፣ ሰው አይጠየቅበት። ሽርፍራፊ ሳንቲም ኪስ ይቀድዳል እንጂ ዕቃ አይገዛም። ደግሞ ያን ምሽት ቤቴ ገብቼ የወጪውን ገጽ ብሠራው ነገሩ ባሰ። ስልሳ አቋራጮችን ለመሸምደድ ሁለት ሳምንት። ለባልደረቦቼ ለማስረዳት፣ ይሄን እንኳ ባንቆጥረው ይሻላል። አማርኛ ስጽፍ ኪቦርዱን በኦልትና በሺፍት መቀየሬን ረስቼ፣ ዓይኔን ከጣቴ ሳላነሳ፣ ቀና ስል ሦስት አንቀጽ ሙሉ በላቲን ፊደል እንደ ባዕድ ጸሎት ተደርድሮ ያገኘሁባቸው ቀናት፤ እያንዳንዳቸው ግማሽ ሰዓት። ቀሪው ሒሳብ ዕዳ ነው።

የተሠራን ስሕተት ወደ ኋላ ስለሚመልሰው ስለ ኮንትሮል ዜድ ሳላወራ ማለፌን ያስተዋለ አንባቢ ይኖራል። «ምነው ለኑሮም ቢኖር» ልትሉ እንደተዘጋጃችሁ ስለማውቅ ነው። ተብሏል፤ ብዙ ጊዜ ተብሏል።

ከዚያ ደግሞ አንድ ቀን ማንበብ የማይገባኝን ነገር አነበብኩ። ብሩስ ቶኛዚኒ የሚባል የአፕል ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1989 የጻፈው ነው። ኩባንያው ለዚህ ዓይነቱ ምርምር 50 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንዳወጣ ይገልጽና ሁለት ነገር አገኘን ይላል። ሰዎችን ሲጠይቋቸው ኪቦርዱ ይፈጥናል ይላሉ። ሰዓት ተይዞ ሲለካ ግን የሚፈጥነው ማውሱ ነው። ምክንያቱን ሲያስረዳ ይባስ ብሎ ልቤን ወጋው፤ «የትኛው ቁልፍ ነበር?» ብለን ስናስብ ሁለት ሴኮንድ ያህል ትጠፋለች፤ ሐሳቡ ራሱ ስለሚይዘን ግን መጥፋቷን አናስታውሳትም። የእኔዎቹን ሁለት ሴኮንዶች! ያተረፍኳቸውን! ጥናቱ የዛሬ ስንት ዓመት ነው፣ ለኮፒና ለፔስት ደግሞ ጣቴ ሳላስበው ይሄዳል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ስልሳዎቹን ግን እያሰብኩ ነው የምጫናቸው፤ አንዳንዴም ጣሪያ እያየሁ። የቶኛዚኒን ጽሑፍ ለጋሼ አላሳየኋቸውም። አላሳያቸውምም።

ለነገሩ የአቋራጭ ዋነኛው ጥቅም ፍጥነት ሳይሆን መደበቅ ነው። ሁላችንም አለቃ ሲመጣ መስኮት የሚቀይሩልንን ኦልትና ታብን ማን እንዳስተማረን አናውቅም፣ ግን እናውቃቸዋለን። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አንዳንድ የኮምፒውተር ጌሞች ለዚሁ ብቻ የተሠራ ቁልፍ ነበራቸው፤ ሲጫኑት ጌሙ ተሸፍኖ የሒሳብ ሰንጠረዥ የሚመስል ነገር ይመጣል። እንደ እኔ እምነት በዚህ ዘርፍ ላይ የሰው ልጅ ፈጥኖ ከሠራቸው ሥራዎች ሁሉ ፈጣኑ ይሄ ነው።

አስተዋዩ አቋራጭ ደግሞ እንዲከብድ ተብሎ የተሠራው ነው። ዴቪድ ብራድሊ የተባለ የአይቢኤም መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1981 ለወጣው ፒሲ ማሽኑን አጥፍቶ የሚያስነሳ ጥምር ቁልፍ ሲያበጅ መጀመሪያ ኮንትሮል፣ ኦልትና ኢስኬፕ ነበር ያደረገው። ኋላ ግን ሦስቱም በግራ እጅ በኩል ስለሚገኙ ሰው ሳያውቅ ሊነካቸው ይችላል ተብሎ ኢስኬፕ ተነሥቶ ማዶ ያለው ዲሊት ገባ። ሁለት እጅ ካልተባበሩ አይሆንም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለውን ገና ድሮ የገባው ሰው ነው።

እኔ አልገባኝም ነበር። ጋሼን በኤክሴል ልማርካቸው ተነሣሁ። ከጎናቸው ቆሜ፣ በግራ እጄ የራሳቸውን ኪቦርድ ተሻምቼ፣ «ይዩ፣ ኮንትሮልና ወደ ታች የሚያሳየው ቀስት፣ ሰንጠረዡ መጨረሻ ላይ ዘሎ ያወርድዎታል» አልኩና ተጫንኩ። የቆምንበት ዓምድ ባዶ ኖሯል። ረድፍ 1,048,576 ላይ አረፍን። የኤክሴል የመጨረሻው ረድፍ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ጋሼ ነጩን ሜዳ አዩ፣ ቁጥሩን አዩ፣ እኔን አዩ።

«አገር ለቀቅን?» አሉኝ። ወዲያው ማውሱን ይዘው በመንኮራኩሩ ወደ ላይ መመለስ ጀመሩ። በእግር ነው የተነሡት።

«ቆይ ቆይ፣ እኔ ልመልስዎት!» ብዬ መለስኳቸው። ያን ጊዜ ብተወው ኖሮ ጥሩ ነበር። «እስቲ ደግመህ አሳየኝ» ሲሉኝ ጊዜ ግን ደስታዬ ወሰን አጣ። በጉጉት ተወርውሬ ስጫን አውራ ጣቴ ኦልትን ጨምራ ያዘችው።

ስክሪኑ ተዘቀዘቀ። አንዳንድ ኮምፒውተር ላይ ኮንትሮል፣ ኦልትና የታች ቀስት አብረው ሲያዙ ምስሉን ገልብጠው ያቆሙታል፤ ይህን ያወቅሁት ኋላ ነው። ያን ጊዜ ያወቅሁት ረድፎቹ በጭንቅላታቸው እንደቆሙ፣ ቀስቷን ወደ ቀኝ ስገፋት ወደ ግራ እንደምትሄድ ነው። ስልሳ አቋራጭ የሸመደድኩ ሰው ስልሳዎቹንም ሞከርኩ። አንዱ ማተሚያውን አስነሣው። አንዱ ሁሉንም መስኮት አወረደው። ባልደረቦቼ ተሰብስበው አንገታቸውን እንደ ወፍ አጋድለው ያያሉ። ሦስቴ ኮፒ የምታደርገው ልጅ «ኮንትሮል ዜድ ሞከርክ?» አለችኝ፤ ስለ ኑሮ ይሁን ስለ ስክሪኑ አልለየሁም።

ጋሼ አንድም ቃል አልተናገሩም። እኔን በክንዳቸው ገለል አደረጉና ስክሪኑን በሁለት እጃቸው አንሥተው ገለበጡት። እግሩ ወደ ሰማይ ቀረ። ጀርባውን ግድግዳ አስደግፈው፣ ከሥሩ ሁለት ወፍራም ዶሴ አስገቡለት። ጽሑፉ ቀና። መነጽራቸውን አድርገው ማውሱን ያዙና ካቆሙበት ቀጠሉ። ቀኑን ሙሉ እንደዚያው ሠሩ። እኔ ከስፍራዬ ሆኜ አልፎ አልፎ ወደ ላይ የቆመውን እግር አየዋለሁ።

በማግስቱ የኮምፒውተር ባለሙያው መጥቶ ሦስት ቁልፍ ነክቶ አስተካከለው። ጋሼ ግን ስክሪኑን ገና ወደ ቦታው አልመለሱትም ነበርና እንደገና ተዘቀዘቀ። ሁለቱ ትንሽ ተያዩ። ከዚያ ጋሼ ዶሴዎቹን ማውጣት ጀመሩ።

ከዚህ በኋላ ለሳምንታት ወደ ጠረጴዛቸው አልቀረብኩም። አንድ ቀን ራሳቸው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ አንዲት ብቻ አስተምረኝ። ከወንበሬ ስነሣ ሰው መጥቶ እንዳይነካብኝ የምትቆልፍ አለች ሲሉ ሰማሁ።»

እንባዬ ሊመጣ ደረሰ። የዊንዶውስ ቁልፍና ኤል። አንድ ጊዜ አሳየኋቸው፤ አንድ ጊዜ ሞከሩ፤ ያዙት። ያለ ዝርዝር፣ ያለ መጎተት፣ እጃቸው እንደ ፒያኖ ተጫዋች እጅ አረፈ።

አሁን ያቺን አቋራጭ ከመሥሪያ ቤቱ ሁሉ በፍጥነት የሚጠቀማት እሳቸው ናቸው። ከወንበራቸው ሲነሡ ግን አይቼ አላውቅም። እኔ በአዳራሹ ወደ እሳቸው አቅጣጫ ስራመድ፣ ገና አራት ጠረጴዛ ሲቀረኝ፣ ሁለት ጣት ከፍ ይላል፤ ስክሪኑ ይዘጋል።

«ምን ፈለግህ ልጄ?» ይሉኛል እጃቸውን አጣጥፈው።

«ኧረ ምንም ጋሼ። እንዲሁ ሳልፍ ነው።»

ዞር ስል ከኋላዬ የይለፍ ቃላቸውን በአንድ ጣት ሲለቅሙ ይሰማኛል። ጠቅ። ፊደሏን ፍለጋ። ጠቅ።