በራችን ላይ የቀረው የጠመኔ ጽሑፍ

በምኖርባት በኮሎኝ ከተማ በየዓመቱ በፈረንጆች አዲስ ዓመት ማግሥት፣ ብርዱ አጥንት ሰርስሮ በሚገባበት ሰሞን፣ የቤታችን ደወል ይጮኻል። በሩን ስከፍት ከወረቀት የተሠራ ዘውድ የደፉ፣ ከመጋረጃ ጨርቅ የተሰፋ ካባ የደረቡ፣ በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ወርቃማ ኮከብ የሰቀሉ አራት ወይም አምስት ልጆች ቆመው አገኛለሁ። ሰብአ ሰገል መሆናቸው ነው። ይዘምራሉ፣ ግጥም ይላሉ፤ አንደኛው የታሸገ የገንዘብ ሣጥን ዘርግቶ ይጠብቃል፤ ቁመት ያለው ደግሞ ተንጠራርቶ በበሩ መቃን ላይ የዓመቱን ቁጥር በጠመኔ ለሁለት ከፍሎ ይጽፍና በመካከሉ ሦስት የላቲን ፊደላት ያስገባል፤ ትርጉሙም «ክርስቶስ ይህን ቤት ይባርክ» ማለት ነው። ጽሑፉን ዓመቱን ሙሉ ማንም አይነካውም፤ ባለቤቴ ቤቱን ስታጸዳ እንኳ እሱን ዘልላ ነው።

እነዚህ ልጆች በጀርመንኛ ሽተርንዚንገር፣ በእኛ አነጋገር የኮከብ ዘማሪዎች ይባላሉ። እየዘመሩ ቤት ለቤት የመዞሩ ልማድ የቆየ ቢሆንም፣ በሌላ አገር ላሉ ችግረኛ ሕፃናት ገንዘብ የሚያሰባስብ አገር አቀፍ ዘመቻ ሆኖ የተደራጀው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ከአስተባባሪዎቹ አንዱ መቀመጫውን በአኸን ከተማ ያደረገ የካቶሊክ የሕፃናት ድርጅት ሲሆን፣ የድርጅቱ ሥር እስከ እ.ኤ.አ. 1846 ይዘልቃል፤ ያን ጊዜ የመሠረተችው አውጉስተ ፎን ዛርቶሪዩስ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ የምትገኝ ልጃገረድ ነበረች። ዘመቻው ከተጀመረ ወዲህ ልጆቹ በየደጁ ዞረው የሰበሰቡት ገንዘብ ሲደመር ከ1 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ሆኗል። ይህን ቁጥር መጀመሪያ ስሰማ ከባለጠጎች ጋር የተቀላቀለ ሒሳብ መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን አብዛኛው ልክ እንደ እኔ በሩን ከፍቶ፣ የኪሱን ሳንቲም ዳብሶ፣ ሁለት ወይም አምስት ዩሮ ሣጥኑ ውስጥ ከከተተ ሰው የመጣ ነው።

እዚህ ላይ በመጀመሪያው ዓመት የገጠመኝን ሳልናገር ባልፍ ትዝብቴ ጎደሎ ይሆናል። ከሦስቱ ነገሥታት አንዱ አፍሪካዊ ነው የሚል የቆየ ልማድ ስላላቸው፣ ያን ቀን ከፊት የቆመው ልጅ ፊቱን በጥቁር ቀለም ተቀብቶ ነበር። እሱ እኔን፣ እኔም እሱን አየሁ፤ መዝሙሩ መሐል ላይ ቆመ፤ ከኋላ አጅባቸው የመጣችው እናት ቲማቲም መሰለች። እኔም ሳቄ አምልጦኝ ያሰብኩትን እጥፍ ሰጠሁ። አዘጋጆቹ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ልጆች ፊታቸውን እንዳይቀቡ ይመክራሉ፤ ደግ አደረጉ።

መዝሙሩን በሰማሁ ቁጥር ግን ልቤ የሚሄደው ወደ ነሐሴ 12 ምሽት ነው። እኛም ልጆች ሳለን ዱላችንን ከመሬት እየደቃን፣ አውጪው ሲያወጣ እየተቀበልን፣ የሰፈሩን በር ሁሉ በሆያ ሆዬ አንኳኩተናል። ሙልሙል የሚሸከም አንድ ልጅ፣ ሳንቲም የሚይዝ ሌላ የታመነ ልጅ እንመርጥ ነበር፤ የታመነው ልጅ ኪስ ደግሞ ክፍፍሉ ሲቃረብ የሚቀደድበት ዓመት አይጠፋም። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ እኅቶቻችን አበባየሆሽ ይላሉ፤ ወንዶቹ በቀለም የሣልናትን ወረቀት ለጎረቤት አበርክተን «እንቁጣጣሽ» እንቀበላለን። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል፣ ላሊበላው ጎህ ሳይቀድ በዜማ ሲያወድስና ሲመርቅ፣ የሰጠው ሰው ምርቃቱን ተቀብሎ በሩን ይዘጋል። ስለዚህ በዜማ ጠይቆ፣ መርቆ መቀበል ለእኛ ትናንት የመጣ ጥበብ አይደለም። ከኮከብ ዘማሪዎቹ የምንለየው ሣጥኑ በመታሸጉ፣ ገንዘቡም ዘማሪዎቹ በዐይናቸው አይተውት ለማያውቁት ልጅ በመሄዱ ነው። የሚሰጣቸውን ቸኮሌት ግን ይካፈሉታል፤ በእሱ ላይ የሚነሣው ጠብ ከእኛው የሙልሙል ጠብ አይለይም።

የጀርመን ልጆች ሌላው የታወቀ ዘዴ ሩጫ ነው። ትምህርት ቤቱ አንድ ቀን ይቆርጥና ተማሪው ከሩጫው በፊት ደጋፊ እንዲፈልግ አንድ ወረቀት ይሰጠዋል፤ አያት፣ አጎት፣ የሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ፣ የአባት አለቃ ሳይቀር በእያንዳንዱ ዙር ምን ያህል እንደሚከፍሉ ጽፈው ይፈርማሉ። በዕለቱ ልጁ በሮጠ ቁጥር ካርዱ ላይ ማኅተም ይመታለታል፣ ከዚያም ካርዱን ይዞ ከደጋፊዎቹ ደጅ ይቀርባል። የልጅ ልጇን ጉልበት ያልገመተች አንዲት አያት በዙር 5 ዩሮ ቃል ገብታ ልጁ 24 ዙር ሮጦ ሲመጣ 120 ዩሮ ለመክፈል የተገደደችበትን ታሪክ ጎረቤቴ እስከ ዛሬ እየሳቀች ትነግረኛለች፤ ያቺ አያት ራሷ ነች። ኬክ ጋግሮ በዕረፍት ሰዓት መሸጥ፣ የገና ባዛር፣ የ25 ሳንቲም መያዣ ያለባቸውን ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ሰብስቦ ገንዘቡን ለዕርዳታ ማዋል፣ እነዚህ ሁሉ ለእነሱ ከልጅነት ጀምሮ የሚለመዱ ነገሮች ናቸው።

ልጄ ሦስተኛ ክፍል ሳለች የሮጡበት ዓመት ገቢ የታሰበው በኢትዮጵያ ገጠር ለሚቆፈር የውኃ ጉድጓድ ነበር። በትምህርት ቤቱ መግቢያ ላይ ባዶ እግሯን ሆና ቢጫ ጀሪካን የተሸከመች የልጄ እኩያ ፎቶግራፍ ተሰቀለ። የክፍል ጓደኛዋ በቅንነት «ይህች የአጎትሽ ልጅ ናት?» ብላ ጠየቀቻት። ማታ ልጄ እራት ላይ ቀና ብላ፣ ነገ የምትሮጠው ከሚሰጡት ጋር ሆና ነው ወይስ ከሚቀበሉት ጋር ሆና እንደሆነ ጠየቀችኝ። ያን ያህል የከበደኝ ጥያቄ አላስታውስም። በወረቀቷ ላይ በዙር 1 ዩሮ ብዬ ፈረምኩ፤ እሷም 17 ዙር ሮጠች። ፎቶግራፉን በሚመለከት ግን ቅሬታዬ አልወጣልኝም፤ ለአንድ ሕፃን ገንዘብ ለማሰባሰብ የሕፃኑን እግር ባዶነት ማሳየት የግድ መሆን እንደሌለበት ለመምህሯ ጽፌ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሥዕሉ በጉድጓዱ ንድፍ ተተክቶ አይቻለሁ። በየወሩ ለእናቴና ለእኅቶቼ ልጆች የምልከው ገንዘብ በየትኛውም የዕርዳታ ሣጥን እንደማይቆጠርም በዚያው ደብዳቤ ጨምሬ ነበር፤ ለዚህኛው መልስ አልመጣም።

ይህች የ1 ዩሮ ነገር በአገራችን ላይም አሻራዋን የጣለች ናት። እ.ኤ.አ. ግንቦት 16 ቀን 1981 ካርልሃይንስ በም የተባለው ኦስትሪያዊ ተዋናይ በአንድ የቴሌቪዥን የውርርድ ዝግጅት ላይ ቀርቦ፣ ከተመልካቾቹ ሲሶው እንኳ ለሳህል አካባቢ ችግረኞች አንድ ማርክ፣ አንድ የስዊስ ፍራንክ ወይም ሰባት የኦስትሪያ ሽልንግ አይሰጥም ብሎ ተወራረደ። ውርርዱን አሸነፈ፤ ሲሶው አልሰጠም። ሆኖም በአንድ ማርክ የተጀመረው ጥሪ ከ1 ሚሊዮን ማርክ በላይ አስገኘና፣ ሰውየው በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ገብቶ «ሰዎች ለሰዎች» የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። የኤረር ሸለቆ ሰፈራ፣ በመቱ ያለው የአብዲ ቦሪ የሕፃናት መንደር፣ በሐረር ያለው የቴክኒክ ኮሌጅ ከዚያ የተወለዱ ናቸው። በም ያረፈው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። እኔን የሚገርመኝ የመረጠው መጠን ነው፦ መቶ ማርክ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ የሚያፍር አይኖርም ነበር።

ወደ እኛ ልመለስ። በውጭ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ገንዘብ ስናሰባስብ ፈጠራ ያንሰናል የሚል ሰው ካለ የድፎ ዳቦ ጨረታ አልታደመም ማለት ነው። በአዳራሽ እንሰበሰባለን፤ ምሳ ይቀርባል፤ ከዚያ በእናቶች የተጋገረ አንድ ድፎ በሞሰብ ላይ ሆኖ ይወጣል። አጫራቹ በቀልድም በማስለቀስም ዋጋውን ከ50 ወደ 500፣ ከ500 ወደ 1,000 ዩሮ ያደርሰዋል፤ ያሸነፉትም ሰው ጭብጨባው ሳያበቃ «ለድጋሚ ጨረታ ሰጥቻለሁ» ይላሉ፤ ዳቦው ተመልሶ ይጫረታል። ሦስት ጊዜ ተሽጦ ማንም ሳይቆርሰው የሚያመሽ ዳቦ በሌላ አገር አላየሁም፤ ይህን ያፈለቀ አእምሮ ከኮከብ ዘማሪዎቹም ከሯጮቹም አያንስም። በአንድ ምሽት ትምህርት ቤት ተጠግኖበታል፣ የሕፃናት ማሳደጊያ ጣሪያ ተሠርቶበታል።

ነገር ግን የአዳራሹን የኋላ ወንበሮች ልብ ብዬ አያለሁ። በጽዳት ሥራ የምትተዳደር አንዲት እኅት፣ ለዚህ ቀን ብላ በፖስታ ያዘጋጀቻትን 20 ዩሮ እንደያዘች ጨረታው ያልቅና፣ ሣጥን ስላልዞረ ፖስታዋን ይዛ ወደ ባቡር ጣቢያ ትሄዳለች። በጨረታ መሐል 20 ብሎ እጅ ማውጣት ያሳፍራል፤ ዝም ማለት ይሻላል። ልጆችም በአዳራሹ ውስጥ ድርሻቸው ከወንበር ሥር መሯሯጥ ብቻ ነው። አጫራቹ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን ተረት ሳይጠቅስ አይወርድም፤ እየጠቀሰ ግን ዐይኑ የሚፈልገው ሃምሳውን ሎሚ ብቻቸውን የሚሸከሙትን ሰውዬ ነው። እሳቸው አንድ ዓመት የታመሙ ወይም የከሰሩ ዕለት ዝግጅቱ አብሯቸው ይታመማል፤ ይህንንም አይቻለሁ።

የአገር ቤቱ ሰው በዚህ ነገር እየቀደመን መሆኑን መናገር አለብኝ። ጥንቱንም ቢሆን አበበች ጎበና እ.ኤ.አ. በ1980 ከግሸን ማርያም ንግሥ ሲመለሱ በወሎ ረሃብ ወላጅ ያጡ ሁለት ሕፃናትን ይዘው ቤታቸው የገቡት፣ በዓመቱም 21 ልጆችን ያሰባሰቡት፣ ማንም ባለጠጋ ሳይጫረትላቸው ነው። ዛሬ ደግሞ ቴሌብርን የመሰለው በስልክ ገንዘብ መላኪያ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በመስፋፋቱ፣ ለመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ሕንፃ ማስጨረሻ በ2017 ዓ.ም. በቀጥታ ስርጭት ገንዘብ ሲሰበሰብ ከነጋዴው ሚሊዮን ጎን የተማሪው 50 ብር ስትቆጠር እኔም እዚህ ሆኜ ሌሊቱን ሙሉ ተመልክቻለሁ። ያቺ ከኋላ ወንበር ያለችው እኅት አዲስ አበባ ብትሆን ኖሮ 20ዋን ሳታፍር ትልክ ነበር።

የቀረው የወረቀት ጉዳይ ነው። ጀርመኖች ለዚህ ያላቸው ትጋት አንዳንዴ ያሰለቻል፦ የኮከብ ዘማሪ ልጅ እንኳ መታወቂያ ይዞ ነው የሚዞረው፤ በርሊን ያለ አንድ ተቋም ደግሞ ሒሳባቸውን መርምሮ ላመነባቸው ድርጅቶች ከእ.ኤ.አ. 1992 ጀምሮ የጥራት ማኅተም ይሰጣል፤ ግብር ከፋዩም የሰጠውን ከገቢው ላይ ያስቀንሳል፣ እስከ 300 ዩሮ ድረስ የባንክ ማስረጃ ብቻ ይበቃዋል። እኛ ዘንድ ደረሰኝ መጠየቅ እንደ ጥርጣሬ፣ አለፍ ሲልም እንደ ስድብ ይቆጠራል። «ለእግዚአብሔር ብለህ ከሰጠህ ምን አስጨነቀህ?» የሚል መልስ ተሰጥቶኝ ያውቃል፤ የጠየቅሁት ግን እግዚአብሔርን ሳይሆን ገንዘብ ያዡን ነበር።

ባለፈው ነሐሴ እዚህ ያሉ የማኅበረሰባችን ልጆች ቡሄን ከአምስት በማይበልጡ የሐበሻ ቤቶች ጨፈሩ። አንድ ጀርመናዊ ጎረቤትም ድምፁን ሰምቶ በሩን ከፈተና ለምን ዓላማ እንደሚሰበስቡ ጠየቃቸው። ልጆቹ ተያዩ፤ ለራሳቸው ነበር እንጂ። ልጄ ግን፣ ያን ደቂቃ እንደ ፈጠረችው እርግጠኛ ነኝ፣ «ግማሹ ለሕፃናት ማሳደጊያ ነው» አለችው። ከዚያ በኋላ ነገሩ ቃል ሆነባቸውና 183 ዩሮ ሲቆጠር 91 ዩሮ ከ50 በፖስታ ተለየ። ወደ አገር ቤት ለአንድ ማሳደጊያ እኔ ላክሁላቸው፤ መድረሱንም በስልክ አረጋገጡልኝ፤ አመስግነው፣ መርቀው ዘጉ። ይኸው መስከረም ጠብቶ ጥቅምት ገባ፤ ልጄ ከትምህርት ቤት በመጣች ቁጥር የፖስታ ሣጥኑን ከፍታ ታየዋለች። ለእያንዳንዳቸው የሚሰጥ ማኅተም ያለበት ወረቀት እንደሚመጣ ለጓደኞቿ ነግራቸዋለችና፣ እኔም ትናንት ሁለተኛ ጊዜ ደወልሁ።