የላቲን ዋንጫ ይቆጠር ወይስ አይቆጠር?

የክርክሩ ርዕስ፦ «ከ1949 እስከ 1957 የተካሄደው የላቲን ዋንጫ ከአውሮፓ ሻምፒዮኖች ዋንጫ እኩል ሊቆጠር ይገባል።» ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር ቀናቱ፣ ወራቱና ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ደጋፊ፦

ሰው ስለ አውሮፓ ክለቦች ዋንጫ ሲያወራ ከ1956 ነው የሚጀምረው። ከዚያ በፊት አውሮፓ ውስጥ ኳስ ያልነበረ ይመስል። ይሄ ነገር ያናድደኛል።

በ1949 የስፔን፣ የጣሊያን፣ የፈረንሳይና የፖርቱጋል ፌዴሬሽኖች ተስማምተው የላቲን ዋንጫን ጀመሩ። ሊጉ ሲያልቅ አራት ክለቦች አንድ ሀገር ላይ ይገናኛሉ። ሁለት ግማሽ ፍፃሜ፣ የደረጃ ጨዋታ፣ ፍፃሜ። የሚሰለፈው የየሀገሩ ሻምፒዮን ብቻ ነበር። ባርሴሎና፣ ሚላንና ሪያል ማድሪድ ሁለት ሁለቴ ወሰዱት፣ ቤንፊካና ሬምስ አንድ አንዴ።

በ1951 ሚላን ግሬንን፣ ኖርዳልንና ሊድሆልምን ይዞ ሊልን 5 ለ 0 አሸነፈ። በ1952 የእነ ኩባላ ባርሴሎና ፓሪስ ላይ ኒስን 1 ለ 0 ረታ። በ1953 የእነ ኮፓ ሬምስ ሚላንን 3 ለ 0 ሸኘው። እነዚህ ሰዎች ጉልበታቸው ሙሉ በነበረበት ሰዓት የአውሮፓ ሻምፒዮኖች ዋንጫ የሚባል ነገር አልተፈጠረም። ታዲያ ምን ያሸንፉ?

የ1950ውን ፍፃሜ ተመልከቱ። ሊዝበን ላይ ቤንፊካና ቦርዶ 3 ለ 3 ወጡ። ያኔ በፍፁም ቅጣት ምት መለያየት የለም። ከሳምንት በኋላ ድጋሚ ገጠሙ። ቦርዶ ቀድሞ አገባ፣ ቤንፊካ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል አቻ አደረገ። ከዚያ ተጨማሪ ሰዓት፣ አሁንም አቻ። እንደገና ተጨማሪ፣ ጁሊንሆ እስኪያገባ ድረስ። ከሁለት ሰዓት በላይ ሮጠው ነው ዋንጫውን ያነሱት። ይሄን «የወዳጅነት ጨዋታ ነው» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ደሜ ይፈላል።

ተቃዋሚ፦

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ነው። ግን «የየሀገሩ ሻምፒዮን ብቻ» ያሉት ልክ አይደለም፤ የእርስዎ ክርክር ደግሞ የቆመው በዚያ ላይ ነው።

በ1956 ዋንጫውን የወሰደው ሚላን ነው። የዚያ ዓመት የጣሊያን ሻምፒዮን ግን ፊዮረንቲና ነበር። ከፖርቱጋል የተሰለፈው ቤንፊካ፣ ሻምፒዮኑ ደግሞ ፖርቶ። በ1953 ሚላን ፍፃሜ ሲደርስ ሻምፒዮኑ ኢንተር ነበር። ያ ሁሉ የተተረከለት የ1950 ቤንፊካም በግማሽ ፍፃሜ ያሸነፈው ላዚዮን ነው። ላዚዮ በዚያ ዓመት ጣሊያን ውስጥ አራተኛ ነበር፤ ሻምፒዮኑ ጁቬንቱስ ነው። ፊዮረንቲና የት ሄዶ ነው ሚላን ሻምፒዮን ተብሎ የተሰለፈው?

ደግሞስ አውሮፓ የሚባለው አራት ሀገር ነው እንዴ? ሀንጋሪ የለችም። በ1953 እንግሊዝን ዌምብሌይ ላይ 6 ለ 3 ያሸነፉት እነ ፑሽካሽ የሚጫወቱበት ሆንቬድ የለም። እንግሊዝ የለችም፣ ኦስትሪያ የለችም፣ ዩጎዝላቪያም የለችም። በታህሳስ 1954 ዎልቭስ ሆንቬድን 3 ለ 2 ሲያሸንፍ የእንግሊዝ ጋዜጦች የዓለም ሻምፒዮን አሉት። የፈረንሳዩ ለኪፕ ጋዜጣ ጸሐፊ ጋብሪኤል ሃኖ ነው «ቆይ፣ መጀመሪያ እዚያም እዚህም ሄደው ይጫወቱ» ብሎ የሞገተው። የአውሮፓ ዋንጫ የመጣው ከዚህ ሙግት ነው። ሃኖ ፈረንሳዊ ነው፣ የላቲን ዋንጫ መኖሩን አሳምሮ ያውቃል። እሱ በቂ ቢሆን ኖሮ አዲስ ምን ያስፈልግ ነበር?

ደጋፊ፦

ልጄ፣ ይሄ ፀጉር ስንጠቃ ነው። አንድ ክለብ በሌላ ስለተተካ ዋንጫው ዋንጫ አይደለም ልትለኝ ነው?

እሺ፣ የምትኮራበትን የ1955/56 ውድድር እንየው። ለኪፕ የሚባል ጋዜጣ ክለቦቹን መርጦ ግብዣ ጻፈላቸው። ከስኮትላንድ ማን መጣ? ሂበርኒያን። ሻምፒዮኑ አበርዲን ነበር። ሂበርኒያን በሊጉ አምስተኛ የወጣ ቡድን ነው፣ ግማሽ ፍፃሜም ደርሷል። የእንግሊዙ ቼልሲ በሀገሩ ሊግ ሰዎች ግፊት ቀረ፣ ጋዋርዲያ ዋርሶ ገባ። ሆንቬድ እዚህም አልነበረም፤ ከሀንጋሪ የተሰለፈው ቨረሽ ሎቦጎ ነው። ይሄንን ማንም አይነካውም፤ እኔ ጋ ሲደርስ ግን መዝገብ ይገለጣል!

አራት ቡድን ስለሆነ ይቅር ካልክ ደግሞ ወደ ቤታችን እንምጣ። በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ስንት ቡድን ነበረው? አራት። እኛ፣ ግብፅ፣ ቱኒዚያና ኡጋንዳ። ስንት ጨዋታ አሸንፈን ነው ዋንጫ ያነሳነው? ሁለት። ቱኒዚያን 4 ለ 2፣ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2። ሉቺያኖ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ያመጡትን ዋንጫ አትቁጠሩት የሚለኝ ካለ ፊት ለፊት ይምጣ።

ተቃዋሚ፦

ጋሼ፣ ይሄን ከእርስዎ አልጠበቅኩም። የሉቺያኖንና የመንግሥቱን ስም እንደ ጋሻ ከፊት አድርገው እኔን የሀገር ዋንጫ የሚያጣጥል ሊያስመስሉኝ ነው። እኔ ያንን ዋንጫ ከማንም ባላነሰ እወደዋለሁ።

ልዩነቱ ይሄ ነው። የ1954 ዓ.ም. ዋንጫ ማጣሪያ ነበረው። ቱኒዚያም ኡጋንዳም በማጣሪያ ነው የመጡት፣ ሌሎች ሞክረው ቀርተዋል። በሩ ክፍት ነበር። ቡዳፔስት ያለ ክለብ ግን የፈለገውን ያህል ጎበዝ ቢሆን የላቲን ዋንጫን ሊጫወት አይችልም። በሩ በቋንቋና በሰፈር የተዘጋ ነበር።

የ1955/56ቱን ትልቅነት በአንድ ጨዋታ ላሳይዎት። የፍራንኮ ስፔንና የቲቶ ዩጎዝላቪያ ያኔ ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት አልነበራቸውም። ሆኖም ፓርቲዛን ቤልግሬድ በ1955 የፈረንጆች ገና ዕለት ማድሪድ ሄዶ ተጫወተ። 4 ለ 0 ተሸነፈ። ጥር ላይ ሪያል ቤልግሬድ ሄደ። ሜዳው በረዶ ለብሷል፣ ተጫዋቾቹ መቆም አቅቷቸው ይንሸራተታሉ፣ ፓርቲዛን 3 ለ 0 አሸነፈ። ሪያል በድምሩ 4 ለ 3 አለፈ፣ በአንዲት ጎል። መንግሥታት የማይነጋገሩባቸውን ሀገሮች ያገናኘ ውድድርና ሰኔ ላይ ለጥቂት ቀናት የሚካሄድ የአራት ጎረቤታሞች ውድድር እንዴት እኩል ይሆናሉ?

ፊዮረንቲናንም አልመለሱልኝም።

ደጋፊ፦

በረዶ ላይ መንሸራተት ዋንጫን ትልቅ አያደርገውም።

አንተ የምትፈልገው ማህተም ነው። የአውሮፓ እግር ኳስ ማህበር፣ ዩኤፋ፣ የመታበት ይቆጠራል፣ ያልመታበት አይቆጠርም። በዚያው በ1955 የተጀመረው የንግድ ትርኢት ከተሞች ዋንጫ አለልህ። አንዱ ውድድር ሦስት ዓመት ፈጅቶ በ1958 አለቀ። ባርሴሎና ከለንደን ምርጥ ጋር 2 ለ 2 ወጥቶ በመልሱ 6 ለ 0 አሸነፈ። እሱ ላይ እንግሊዝ አለች፣ ጀርመን አለች፣ ዩጎዝላቪያም አለች፤ በርህ ክፍት ነው። ዩኤፋ እስከ ዛሬ ከራሱ ውድድሮች አይቆጥረውም። ታዲያ ያ ሁሉ ጨዋታ አልተደረገም ማለት ነው? የተጫወቱት ሰዎች ያውቃሉ። ክለቦቹ ያውቃሉ። ባርሴሎናም ሪያልም ሚላንም ቤንፊካም የላቲን ዋንጫን እስከ ዛሬ ከዋንጫዎቻቸው ጋር ይዘረዝሩታል። እኔ የምለው ይሄ ታሪክ ከመጽሐፍ አይፋቅ ነው።

ተቃዋሚ፦

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ርዕሱ «እኩል ይቆጠር» ነበር። አሁን «ከመጽሐፍ አይፋቅ» ሆነ። አይፋቅ ካሉማ እኔስ መች ይፋቅ አልኩ? ይጻፍ። በራሱ ስም፣ በራሱ ቦታ ይጻፍ። ባርሴሎና በ1992 ዌምብሌይ ላይ ሳምፕዶሪያን አሸንፎ ካገኘው ዋንጫ ጎን አይደርድሩት ነው ያልኩት። ያንን ዋንጫ ለማግኘት ስንት ዓመት ለፉ!

ሌላም አለ። ከስምንቱ ውድድሮች አምስቱን የወሰደው የአዘጋጁ ሀገር ክለብ ነው። 1949 ስፔን ላይ ባርሴሎና፣ 1950 ሊዝበን ላይ ቤንፊካ፣ 1951 እና 1956 ሚላን ላይ ሚላን፣ 1957 ማድሪድ ላይ ሪያል። ደርሶ መልስ የተፈጠረው ለዚህ ነው።

ፊዮረንቲና አሁንም መልስ እየጠበቀ ነው። አልሸሹም ዞር አሉ እንዳይሆን።

ደጋፊ፦

አዘጋጅ አሸነፈ ብለህ የምትቀንስ ከሆነ የአዲስ አበባውንም ቀንሰው። አትቀንሰውም፣ አውቃለሁ። እኔ ደግሞ ከማንም አልሸሽም፤ አንተ ሳትወለድ ጀምሮ ስከራከር የኖርኩ ሰው ነኝ። በዚህ ዕድሜዬ ዞር አሉ መባል አይገባኝም።

ቶሪኖን ታውቃለህ? ግንቦት 4፣ 1949 አውሮፕላናቸው ሱፐርጋ ኮረብታ ላይ ተከሰከሰ። አስራ ስምንት ተጫዋቾች አለቁ። ሁለት ወር ሳይሞላ ቶሪኖ በተረፈው ኃይሉ ስፔን ሄዶ የላቲን ዋንጫን ተጫወተ። በስፖርቲንግ 3 ለ 1 ተሸነፈ፣ ከዚያ ሬምስን 5 ለ 3 አሸንፎ ሦስተኛ ወጣ። ውድድሩ ዋጋ ባይኖረው በዚያ ሐዘን መሀል ማን ይሄዳል?

ተቃዋሚ፦

የቶሪኖ ነገር ሁሌም ያሳዝነኛል፣ በእሱ አልከራከርም። ቶሪኖ ግን በ1949 የጣሊያን ሻምፒዮን ነበር፣ ስለዚህ ሄደ። ፊዮረንቲናም በ1956 የጣሊያን ሻምፒዮን ነበር፣ እሱ ግን አልሄደም። ይሄው ነው ጥያቄዬ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ይሄው ነው።

ደጋፊ፦

ፊዮረንቲና ፊዮረንቲና ካልክ እሺ፣ በእሱው እንጨርስ። ግንቦት 30፣ 1957 ፊዮረንቲና በርናቤው ላይ በአውሮፓ ዋንጫ ፍፃሜ በሪያል ማድሪድ 2 ለ 0 ተሸነፈ። ወር ሳይሞላ፣ ሰኔ ላይ፣ እዚያው በርናቤው የላቲን ዋንጫ ተደረገ። በዚያ ዓመት አራቱም ሻምፒዮኖች ነበሩ፦ ሪያል፣ ሚላን፣ ሴንት ኢትየን፣ ቤንፊካ። ሻምፒዮን ስትል ነበር፣ ይኸው ሻምፒዮን። ሪያል ሚላንን 5 ለ 1 አሸነፈ፣ በፍፃሜው ቤንፊካን በዲ ስቴፋኖ ጎል 1 ለ 0። ክለቡ ያው ሪያል ነው፣ ሜዳውም ዲ ስቴፋኖም ያው ናቸው። የግንቦቱ የአውሮፓ ታሪክ ሲሆን የሰኔው ምን ስለጎደለው ነው የማይቆጠረው? እስቲ አንተ ደግሞ ይሄን መልስልኝ።