ይድረስ ለክቡር አሮጌው ቴሌቪዥናችን

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ነዎት? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ።

ትናንት እንደ ሙሽራ ብርድ ልብስ ተከናንበው ከቤት ሲወጡ፣ እኔም እውነት የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። ወግ ባለው መንገድ ልሸኝዎ ብዬ መጀመሪያ ስጦታ ወደሚሰበስቡት ሄድን። ልጅቷ አንዴ እርስዎን፣ አንዴ እኔን አየችና «ይሠራል?» አለች።

«ድምፅ አለው» አልኩ፣ ለክብርዎ ስል።

«ምስልስ?»

ዝም።

«ጌታዬ፣ እኛ ስጦታ እንጂ ቆሻሻ አንቀበልም!» ጮክ ብላ ነው። ከኋላዬ የተሰለፈችው ሴትዮ ልጇን ሳብ አድርጋ አራቀችው። ከሁለታችን ቆሻሻው የቱ እንደመሰላት እስካሁን አልገባኝም።

ቀጥሎ የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ መሰብሰቢያው። እዚያ ደግሞ ቆሻሻ መሆንዎን ማስመስከር ነበረብኝ። ቅጽ ሰጡኝ። «የሚወገድበት ምክንያት» ለሚለው «አርጅቷል» ብዬ ጻፍኩ። «እርጅና ምክንያት አይደለም፤ 'አገልግሎት የማይሰጥ' በል» ተብዬ እንደገና ሞላሁ። ከዚያ የመለያ ቁጥር ተጠየቅኩ። ጀርባዎ ላይ ያለው ወረቀት ጽሑፉ ለቋል። «ቁጥር ከሌለው መመዝገብ አንችልም» ብሎኝ ሠራተኛው ቀጣዩን ባለጉዳይ ጠራ። በመዝገብ የሌሉትን እርስዎን ተሸክሜ ደረጃውን ሽቅብ ወጣሁ። ለሌለ ነገር ይከብዳሉ!

የመድኃኒት ነገርም ያው ነው። ጊዜው ያለፈበትን መጸዳጃ ቤት አትድፉ ይሉናል። የት እናድርገው ስንል ሁሉም ሥራ ይበዛበታል።

ያበጠው የስልክ ባትሪም መሳቢያ ውስጥ ሰላም ብሎዎታል።

ጎረቤቴ «ምን ያደክምሃል? ሲመሽ መንገድ ዳር ወርውረው» አለኝ። ልክ ነው፤ ለሚወረውር ሰው ቅጽ የለም፣ ሰልፍ የለም፣ የሚጮህበትም የለም። ሲሸጡልኝስ ማን ቅጽ አስሞላኝ? ገንዘቤን ተቀብለው በፈገግታ ሸኙኝ። በመስታወትዎ ውስጥ መርዘኛ የእርሳስ ማዕድን እንዳለ፣ ተሰብሮ ሜዳ ላይ ከተጣለ አፈርና ውሃ እንደሚበክል አንድም ሰው አልነገረኝም። በ2022 ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አወጣ። በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። ከቀረው ውስጥ ስንቱ ሽቦ ለመዳቡ ሲባል ሜዳ ላይ ይቃጠላል! ጭሱን የሚስቡት ደግሞ ቴሌቪዥኑን አይተውት የማያውቁ ልጆች ናቸው። አምራቹ ዕቃውን መልሶ ይውሰድ ስንል ቅንጦት የጠየቅን ይመስላቸዋል።

ይቅርታ ክቡርነትዎ፣ ድምፄ ከፍ አለ። የእርስዎ ጥፋት አይደለም።

እስከዚያው ኮሪደሩ የእርስዎ ነው። ግድግዳው ላይ የወጣውን ቀጭኑን አይቅኑበት። የእሱን መለያ ቁጥር ገና ካርቶኑ ሳይከፈት ፎቶ አንስቼዋለሁ፤ ደረሰኙንም አስለብጬዋለሁ።

አክባሪዎና አሳዳሪዎ