ነፃ ሞግዚት

የጅማ ወላጅ ምስጋና ይገባዋል። ልጅ ማሳደግ እንዲህ ቀላል መሆኑን ለዓለም ያሳየነው እኛ ነን። ቡና ሊፈላ ሲል ልጁ ከተነጫነጨ ስልኩን መስጠት ነው። ለቅሶ ቤት ካስቸገረ ስልኩ። ከአጂፕ ፈረንጅ አራዳ በባጃጅ እስክንደርስ እንኳ፣ ያው ስልኩ። ሞግዚት ብንቀጥር ደመወዝ አለ፣ ምግብ አለ፣ የበዓል ልብስ አለ። ይህቺ ዳታ ብቻ ነው የምትበላው።

ሙያዋ ደግሞ! ሰሞኑን አንድ ዘመዴ ቤት የ6 ዓመት ልጁ አጠገብ ቁጭ ብዬ ሥራዋን አየሁላት። በጌሙ ውስጥ የልጁ መኪና ተጋጨች። «ቪዲዮ እይና ነፍስ ይጨመርልሃል» አለችው። አየ። ሲያልቅ ጥጉ ላይ ከጤፍ ፍሬ የማትበልጥ የኤክስ ምልክት ብቅ አለች። በጥፍሩ ሊነካት ሞከረ፣ ሳታት፣ ፕሌይ ስቶር ተከፈተ። ተመለሰ። ሌላ ቪዲዮ መጣ። ይሄኛው የውርርድ ነው፤ አውሮፕላን ይነሳል፣ ብር ይዘንባል። «ጋሼ፣ ይሄን ጌም ጫንልኝ» አለኝ። ፊደል ሲያስቆጥሩት ሀሁን ሳይጨርስ የሚያንቀላፋ ልጅ፣ ማስታወቂያ ሲያይ ዓይኑን አይነቅልም። ትምህርት ቤቶቻችን ቢኮርጁ ምናለ?

ባለሙያዎች ከ7 እና 8 ዓመት በታች ያለ ልጅ ማስታወቂያ ሊሸጥለት እንደመጣ በቅጡ አይገባውም ይላሉ። ከዚህ የተሻለ ደንበኛ ከየት ይገኛል? እናቱ ሂርማታ ገበያ ወርዳ ለአንድ ኪሎ ቲማቲም ነጋዴውን ላብ በላብ ታደርገዋለች። ልጇ ዋጋ አይከራከርም። ቢከራከርስ በምን ያውቀዋል? መጀመሪያ ብሩ የጌም አልማዝ ይሆናል፣ አልማዙ ሳጥን ይገዛል፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለው የሚታወቀው ከተከፈለ በኋላ ነው። ቤልጂየሞች በ2018 ይህን ቁማር ነው ብለው አገዱት። ምቀኞች።

(ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው፤ ምቀኝነቱም የእነሱው ነው።) የካናዳዋ ኩቤክ ከ1980 ጀምሮ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ማስተዋወቅን ከልክላለች። ስዊድንም ከ1991 ጀምሮ ከ12 ዓመት በታች ያሉትን ያነጣጠረ የቲቪ ማስታወቂያ አትፈቅድም። አሜሪካ ደግሞ በ2022 ፎርትናይት የተባለው ጌም ባለቤት የሆነውን ኤፒክ ጌምስን 520 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አስማማችው። 275 ሚሊዮኑ ያለ ወላጅ ፈቃድ የልጆችን መረጃ ሰብስበሃል ተብሎ ነው። 245 ሚሊዮኑ ተጫዋች ሳያስበው ግዢ እንዲፈጽም የሚያደርጉ ቁልፎች አዘጋጅተሃል ተብሎ። ቁልፍ ማዘጋጀትም ወንጀል ሆነ እንግዲህ!

እኛም ሕግ አላጣንም። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 (ይሄ እንኳ በእኛ አቆጣጠር ነው) ስለ ልጆችም ይናገራል። ግን ሶፋ ጥግ ተኮራምቶ የሚጫወትን ልጅ ስልክ ማን ይፈትሽ? እኛማ ፋታ የለንም። በርጫ ላይ ተቀምጠን «የዛሬ ልጅ ተበላሸ» የሚለውን ትልቅ አጀንዳ እየተወያየን ነው። አንዱ ጥፋቱን በትምህርት ቤት ያላክካል፣ ሌላው በቲክቶክ። ውይይቱ ሊጦፍ ሲል ልጁ ስልኩን ይዞ እያለቀሰ ይመጣል፤ ጥቅሉ አልቋል።

«ኧረ ሙሉለት!» ይላል የቤቱ ጌታ። «የቁም ነገር ወሬ ሊያቋርጠን ነው!»