ፍትሕ ጓዳ ሲደርስ

ሱዛን ሞለር ኦኪን ኒውዚላንድ ተወልዳ አሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረች የፖለቲካ ፍልስፍና ምሁር ነበረች። ያረፈችው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። በ1989 ባሳተመችው መጽሐፍ ጆን ሮልስን ጨምሮ ታላላቆቹን የፍትሕ ፈላስፎች ትሞግታለች። ስለ መንግሥትና ስለ መብት ይህን ሁሉ ስትጽፉ፣ ቤት ውስጥ ማን ያበስላል፣ ልጅ ማን ያሳድጋል የሚለውን ለምን ዘለላችሁት? ልጅ ፍትሕን መጀመሪያ የሚያየው እናትና አባቱ ዘንድ ነው። እዚያ ካላየው ከየት ይማረዋል?

የምኖረው ስቶክሆልም ነው። እዚህ ወላጆች ለአንድ ልጅ 480 ቀን ክፍያ ያለው ፈቃድ አላቸው። ከዚያ ላይ 90 ቀን ለአባት፣ 90 ቀን ለእናት ብቻ የተለየ ነው። አባትየው ድርሻውን ካልወሰደ ይቃጠላል። ስለዚህ በሥራ ሰዓት የልጅ ጋሪ ሲገፋ የሚውል አባት ብርቅ አይደለም። ሐበሻውም ይገፋል። በእኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ግን እናት 120 ቀን፣ አባት 3 ቀን ነው። በ3 ቀን እኮ አራስ ጠያቂው እንኳ ገንፎውን በልቶ አይጨርስም!

ባለፈው ክረምት ድሬዳዋ ነበርኩ፣ ሳቢያን፣ አጎቴ ልጅ ቤት። ከምሳ በኋላ በርጫ ተያዘ። ወሬው ፖለቲካ ነው፤ ስለ እኩልነት፣ ማን ማንን እንደበደለ። የድሬ ልጅ ሲናገር ማን ይችለዋል! በሩ ክፍት ስለነበር ግቢው ይታየኛል። ሠራተኛዋ በዚያ ሙቀት ከሰል ታራግባለች። የድሬ ውሃ ጀበናው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ሠርቷል። በጣቷ ፈቀፈቀችው፣ አለቀለቀችና መልሳ ጣደችው። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ይዛ ገባች፤ በየፊታችን አስቀምጣ ወጣች። ቀና ብሎ ያያት የለም።

በባልና ሚስት መካከል ሕጋችን ብዙ ተራምዷል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ አድርጎ ሚስት ትታዘዘው ይል ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን ሽሮ እኩል አደረጋቸው። ድሬዳዋ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ስለሆነ ሕጉ በቀጥታ ይሠራባታል። የአጎቴ ልጅ ሚስት ባንክ ትሠራለች፣ በገንዘባቸውም እኩል ትወስናለች። ደስ ይላል። የጓዳው ሥራ ግን ባልየው ጋ አልሄደም፤ ሠራተኛዋ ላይ ወረደ። እሷን ደግሞ የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ አይሸፍናትም፤ የቤት ሠራተኛ ጉዳይ ወደፊት በሚወጣ ደንብ ይወሰናል ብሎ አልፏታል።

ስዊድንም ከዚህ ነፃ አይደለችም። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ቤቱን ለሚያስጸዳ ሰው መንግሥት የጉልበቱን ዋጋ ግማሽ ከግብር ይቀንስለታል። ከሚያጸዱት ውስጥ ስደተኛ እህቶቻችን አሉ። ቢሆንም ሕጋዊ ድርጅት የቀጠራት ሴት ሰዓቷ ይታወቃል፣ ዕረፍት አላት፣ ጡረታም ይታሰብላታል።

ኦኪን አንዱ ብቻ ደመወዝ በሚያመጣበት ቤት፣ አሠሪው ደመወዙን ለባልና ለሚስት እኩል ከፍሎ ይስጥ ብላ ነበር። ሐሳቡን እወደዋለሁ። ግን የታሰበው ለሁለት ሰው ነው፤ ድሬ ላይ ሦስተኛ ሰው አለች፣ ብዙ ጊዜም ከገጠር የመጣች ልጅ። ለእሷ ሕጉ እስኪወጣ ለምን እንጠብቃለን? ከመመለሴ በፊት ለአጎቴ ልጅ የእሁድ ዕረፍትና የማታ ትምህርት ስጧት አልኩት። ሚስቱ ወዲያው ተስማማች። እሱ ትንሽ አሰበና፣ «ታዲያ ራት ማን ያቀርባል?» አለኝ።

«አንተ ነሃ!» አልኩት።